መርከቡ እሑድ ይነሳል፤ ቅዳሜ ማታ የት እንደር?

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 እና የ8 ዓመት ልጆቻችን እና እናቴ ኦገስት 16 ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄድ የ7 ቀን ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ቆርጠናል። ለዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት ቆጥበናል። አሁን የምንጨቃጨቀው ስለ አንድ ሌሊት ነው። ባለቤቴ (ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) እሑድ ጠዋት 6 ሰዓት ተነስተን፣ ቺካጎ ላይ ቀይረን፣ 11፡40 ሲያትል እንግባ ይላል። መርከቡ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ በ4 ሰዓት ስለሆነ ለሆቴል የሚከፈለው በከንቱ ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ማታ 8፡30 የሚያስገባን አውሮፕላን አገኘሁ። ሆቴሎችም አየሁ። ለአምስት ሰው የሚሆን ክፍል ዳውንታውን ከነታክሱ 404 ዶላር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ 262 ዶላር ነው። እዚያው ኤርፖርቱ ጋ ባለሁለት አልጋ ክፍል በ210 አለ፤ ግን ለአራት ሰው ይላል። አራት ነን ብለን ትንሹን ቀስ አድርገን ብናስገባውስ? በዚህ ላይ የባለቤቴ የአጎት ልጅ ሲያትል አጠገብ ሬንተን ይኖራል። ሆቴል እንደምንፈልግ ሲሰማ ‹እኔ እያለሁ?› ብሎ ተቀይሟል። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትችልም። ጊዜውም ፍልሰታ ነው፤ እሷና እኔ እንጾማለን። ምን ትመክሪናለሽ? የጨነቃት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት አንዱን ጥያቄ ልዝጋልሽ። ቅዳሜ ሂዱ።

የባለቤትሽ ስሜት ይገባኛል። አምስት ሰው ይዞ የሚጓዝ አባወራ ለአንድ ሌሊት 262 ዶላር ሲያይ ይደነግጣል። ግን እሱ ያየው የሆቴሉን ሒሳብ ብቻ ነው። የ4 ሰዓት መርከብ ማለት እስከ 4 ሰዓት መግባት ይቻላል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ከመነሻው ሰዓት 60 ወይም 90 ደቂቃ ቀድመው መግቢያውን ይዘጋሉ። ስለዚህ የእናንተ ሰዓት 2፡30 ነው ብለሽ ያዢው። አውሮፕላኑ 11፡40 ቢያርፍ፣ በሩ እስኪከፈት፣ ሻንጣ እስኪወጣ፣ ለእናትሽ ዊልቸር እስኪመጣ ሲባል 1 ሰዓት ይሆናል። ይኼ እንግዲህ ሁሉም ነገር በሰዓቱ ከሄደ ነው። ቺካጎ ደግሞ በበጋ ነጎድጓድ ያበዛል። እዚያ አንድ በረራ ካመለጣችሁ፣ በሚቀጥለው ላይ አምስት ባዶ ወንበር ማግኘት ከባድ ነው። በኦገስት አውሮፕላን ሁሉ ጢም ብሎ ነው የሚሄደው።

«ቢያመልጠን አላስካ፣ ጁኖ ድረስ በርረን እዚያ እንሳፈራለን» የሚል ሰው ይኖራል። ይኼ ከሲያትል ተነስቶ ሲያትል ለሚመለስ መርከብ አይሠራም ብለሽ ብታስቢ ይሻላል። ምክንያቱ በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሕጉ የውጭ አገር ባንዲራ የያዘ መርከብ፣ መሐል ላይ ሩቅ አገር ካልደረሰ በቀር፣ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አንስቶ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ እንዳያወርድ ይከለክላል። ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የባሃማስ፣ የፓናማ ወይም የሌላ አገር ባንዲራ የያዙ ናቸው። ሲያትል ተሳፍሮ ሲያትል የሚወርድ ሰው መንገድ ላይ ካናዳን ስለሚነካ ችግር የለበትም። መርከቦቹ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ላይ ለአንድ ምሽት የሚቆሙት ለዚሁ ነው። ጁኖ የተሳፈረ ግን ከጁኖ ወደ ሲያትል እንደተጓዘ ይቆጠራል። ኩባንያው አይሆንም ቢላችሁ የሚያከራክር ነገር የላችሁም። ባለቤትሽን ቁጭ አድርገሽ ይህችን ብቻ ንገሪው። የቅዳሜዋ ሌሊት የመርከቡ ትኬት አካል ናት።

አሁን ወደ ክፍሉ እንሂድ። በ404 እና በ262 መካከል ያለው ልዩነት 142 ዶላር ነው። ግን የሆቴል ሒሳብ ክፍሉ ላይ አያልቅም። ማታ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ጠዋት ከሆቴል ወደ መርከብ የምትሄዱበትን ጨምሪበት። ሲታክ በሚባለው የሲያትል ኤርፖርት አካባቢ ያሉት ሆቴሎች አብዛኞቹ ነፃ ሹትል (እንግዳ የሚያመላልስ መኪና) አላቸው። ስለዚህ ማታ ምንም አትከፍሉም። ጠዋት አምስት ሰው ከነሻንጣው ለሚይዝ ትልቅ መኪና 70 ዶላር ያዢ። በድምሩ 332 ዶላር ይሆናል። ዳውንታውን ከሆነ ደግሞ ማታ ለመኪና 70፣ ጠዋት ወደ ወደቡ 30 ያዢ፤ ከክፍሉ ጋር 504 ይደርሳል። ልዩነቱ ከ142 ወደ 172 ሰፋ ማለት ነው።

ለዚያ 172 ዶላር ምን ታገኛላችሁ? 8፡30 ያረፈ ሰው ሻንጣ ይዞ ዳውንታውን ሆቴል ሲገባ 10 ሰዓት ይሆናል። ያ በሲልቨር ስፕሪንግ ሰዓት ከሌሊቱ 1 ሰዓት ነው። ልጆቹ ቆመው ነው የሚተኙት። ከተማውን ማን ያየዋል? ለዚህ የእኔ ምክር ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው የ262ቱ ክፍል ነው።

ግን ያንኑ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ቀትር ላይ የሚያስገባ በረራ በተቀራራቢ ዋጋ ብታገኚ ያንን ያዢ። ያኔም ሆቴሉን አትቀይሪ። ሻንጣውን ሆቴሉ ዴስክ ላይ አስቀምጣችሁ፣ በሹትሉ ወደ ኤርፖርት ተመልሳችሁ በባቡር ከተማ ግቡ። የሲያትሉ ሊንክ ባቡር ለአዋቂ 3 ዶላር ብቻ ነው። ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጆች በነፃ ይሄዳሉ። ለአምስታችሁ 9 ዶላር፣ ደርሶ መልስ 18 ዶላር ማለት ነው። መሃል ከተማ ያለው ዌስትሌክ ጣቢያ እስኪደርስ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከዚያ ፓይክ ፕሌስ ገበያ ቅርብ ነው። ከ1907 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው። ልጆቹ ዓሣ ሻጮቹ ዓሣውን በአየር ላይ ሲወራወሩት በነፃ ያያሉ። በ2024 የተከፈተው ኦቨርሉክ ዎክ የሚባለው የእግረኛ መንገድ ደግሞ ከገበያው ወደ ባሕሩ ዳር ያወርዳችኋል። ሲመሽ ባሕሩ ላይ የሚታየው ፀሐይ ግሩም ነው።

ይህ ባቡር ሌላ በረከት አለው። ወደ ኤርፖርት ሲመለስ በኮሎምቢያ ሲቲ፣ በኦቴሎ እና በሬኒየር ቢች በኩል ያልፋል። በዚህ ሰፈር የእኛ ሰው ብዙ ነው። ሬኒየር አቬኑ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። ለእናትሽ ትኩስ የጾም በያይነቱ የምታገኚው እዚያ ነው። ሆቴል ውስጥ ከማሽን ቺፕስ እየገዙ ከማደር ይሄ በስንት ጣዕሙ። ለጉልበታቸው ግን አስቢ። ኤርፖርቱ ጋ ከተርሚናሉ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ በፓርኪንግ ሕንጻው በኩል ረዘም ያለ የእግር መንገድ አለ። ካልቻሉ እሳቸው ከባለቤትሽ ጋር ሆቴል ይረፉ፣ አንቺ ከልጆቹ ጋር ሂጂና በያይነቱን አስጠቅልለሽ ነይ።

«ትንሹን ቀስ አድርገን እናስገባው» ላልሽው፣ እባክሽ ይህን አታድርጊ። እኔ 7 ዓመት ሆቴል ፍሮንት ዴስክ ላይ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በማታ ሺፍት። በክፍል ስንት ሰው ይደር የሚለው ቁጥር ከእሳት አደጋ ደንብ ጋር የተያያዘ ነው። ዴስክ ላይ ያለው ሠራተኛ ቢያዝንልሽ እንኳ ሊያልፈው አይችልም። አንድ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ አንዲት እናት ሦስት ልጆች ይዛ መጣች። የሌላ ሰው ዌብሳይት ላይ ነው የከፈለችው። ሁለት አልጋ ብላ ጠይቃ ነበር፤ የቀረን ክፍል ግን አንድ አልጋ ብቻ ያለው ነበር። ጥያቄዋ ለእኛ የደረሰው እንደ ፍላጎት እንጂ እንደ ግዴታ አልነበረም። ልጆቹ ሎቢው ሶፋ ላይ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ አንዱ ያንዱን ጀርባ ተደግፎ ተኙ። እኔ ስልክ እየደወልኩ ሌላ ሆቴል ስፈልግ ሰዓቱ አንድ ተኩል ሆነ። ያቺ ሴት ስትለምነኝ የነበረችበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አንቺን እዚያ ቦታ ላይ ማየት አልፈልግም። የ52 ዶላር ልዩነት ነው። ክፈዪውና በሰላም እደሪ።

የምትይዢው ክፍል ሶፋው ወደ አልጋ የሚለወጥ ዓይነት ይሁን። ስትይዢ አምስት ሰው ብለሽ የልጆቹን ዕድሜ ጭምር አስገቢ። ከተቻለ በቀጥታ ከራሱ ከሆቴሉ ያዢ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ችግር ሲመጣ ግን የሚያነጋግርሽ ሰው አለሽ። «ቀድመህ ክፈል፣ አይመለስም» የሚለውን ርካሽ ዋጋ ተዪው። ቢሰረዝ ገንዘብ የሚመለስበትን ያዢና ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ዋጋውን እንደገና እዪው። ቀንሶ ካገኘሽው አዲሱን ይዘሽ አሮጌውን ትሰርዣለሽ። የመሰረዣው ሰዓት የሚቆጠረው በሲያትል ሰዓት መሆኑን አትርሺ።

ዋጋ ስታወዳድሪ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ድምር ተመልከቺ። ከሜይ 2025 ወዲህ የፌዴራል ደንብ ሆቴሎች የግድ የሚከፈሉ ክፍያዎችን ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር እንዲያሳዩ ያስገድዳል። የመንግሥት ታክስ ግን እዚያ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ሲያትል ከተማ ውስጥ ደግሞ የሆቴል ታክሱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። አንቺ ከነታክሱ አስልተሽ መጻፍሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ይህን አያደርግም።

ቅዳሜ ከቤት ስትወጡ ሆቴሉ ጋ ደውዪና «ማታ ዘግይተን ነው የምንገባው፣ አምስት ነን፣ ክፍላችንን ያዙልን» በያቸው። ይህችን ነገር ከውስጥ ስለማውቃት ነው የምነግርሽ። ሆቴሎች ካላቸው ክፍል በላይ የሚሸጡበት ቀን አለ። ያን ቀን ክፍል ያጣው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ የመጣው እንግዳ ነው። የደወለ ሰው ስም አጠገብ ማስታወሻ ይጻፍለታል።

ሲታክ ስትደርሱ የሆቴል ሹትሎች የሚቆሙት ፓርኪንግ ሕንጻው 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ለእናትሽ ዊልቸር አሁኑኑ ከአየር መንገዱ ጠይቂ። ነፃ ነው፤ የሚገፋውም ሠራተኛ እስከ ሹትሉ መሳፈሪያ ያደርሳቸው እንደሆነ እዚያው ጠይቂው። ወደቡ ላይም ዊልቸር እንዲዘጋጅላቸው ለክሩዝ ኩባንያው ቀድመሽ አሳውቂ።

ዴስኩ ላይ ስትደርሺ ክሬዲት ካርድ ስጪ እንጂ ዴቢት ካርድ አትስጪ። ሆቴሎች ከክፍሉ ዋጋ በላይ ለመያዣ የሚሆን ገንዘብ ያግዳሉ። በዴቢት ከሆነ የሚታገደው ባንክ ያለው እውነተኛ ገንዘብሽ ነው። እስኪለቀቅ ቀናት ይፈጃል። ያን ጊዜ እናንተ ባሕር ላይ ናችሁ፤ መርከቡም በበኩሉ ካርድ ይጠይቃችኋል።

አሁን እሑድ ጠዋት። እኔ ራሴ የተሳሳትኩበት ነገር ስለሆነ በደንብ ስሚኝ። ከዓመታት በፊት ፍሎሪዳ ውስጥ ከቤተሰቤ ጋር ክሩዝ ስንሄድ «ነፃ ሹትል» የሚል አይቼ ሆቴል ያዝኩ። ጠዋት ሻንጣችንን ይዘን በር ላይ ቆምን። ሾፌሩ «እኔ የምሄደው ኤርፖርት ነው፣ ወደብ አልሄድም» አለን። ሃያ የሚሆን ሰው እኩል መኪና እየጠራ ነበር። ዋጋው እዚያው ዓይናችን እያየ ወጣ። የኤርፖርት ሆቴል ነፃ ሹትል ማለት ወደ ኤርፖርት ማለት ነው። ወደ መርከቡ የሚሄድ ካለም በሰው የሚያስከፍል ነው፤ አምስት ሰው ሲሆን ከትልቅ መኪና ሊበልጥ ይችላል። መኪናውን ቅዳሜ ማታ ቀድመሽ ያዢ።

ለሾፌሩ የምትሰጪውን አድራሻ ደግሞ አረጋግጪ። ሲያትል ሁለት የክሩዝ መነሻ አላት። ፒር 66 ዳውንታውን ባሕር ዳር ነው፤ ኖርዌጂያን የሚነሳው ከዚያ ነው። ፒር 91 ደግሞ ከመሃል ከተማ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ይገኛል፤ ካርኒቫል፣ ሮያል ካሪቢያን፣ ፕሪንሰስ፣ ሆላንድ አሜሪካ እና ሰለብሪቲ የሚጠቀሙት እሱን ነው። ባቡር አይደርስበትም፣ ሻንጣ ይዞ በእግርም አይኬድም። የመሳፈሪያ ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከተሉ። እናትሽ በእኛ አቆጣጠር የሚያስቡ ከሆነ መርከቡ የሚነሳው «በ10 ሰዓት ነው» በያቸው። ወረቀቱ ላይ 4 አይተው ሌላ ሰዓት እንዳይመስላቸው።

ነፃ ቁርስ ስላለው ሆቴል ትጠይቂ ይሆናል። በሌላ ጊዜ ለአምስት ሰው ቁርስ ትልቅ ገንዘብ ነው። ፍልሰታ ላይ ግን፣ እሑድ እስከ 9 ሰዓት ባይጾምም፣ አንቺና እናትሽ የፍስክ ምግብ አትነኩም። ሁሉንም የሚበሉት ሦስት ናቸው። ስለዚህ ለቁርሱ ብለሽ ብዙ አትጨምሪ፤ ያንን ገንዘብ ለሶፋ አልጋው አውዪው። ለኩባንያው ቀድመሽ «ቪጋን» ብለሽ አስመዝግቢ፤ የመጀመሪያው ማታም ለአስተናጋጁ ደግመሽ ንገሪው። ቤት የተሠራ ምግብ ይዞ መግባት አብዛኞቹ መርከቦች ስለሚከለክሉ የተቋጠረ ወጥ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

ያልጠየቅሽኝ ግን ልተወው የማልችል አንድ ነገር አለ። እናትሽ የአሜሪካ ዜግነት ካልወሰዱ፣ ግሪን ካርድ ብቻ አይበቃም። መርከቡ ካናዳን ስለሚነካ ካናዳ ከግሪን ካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት ትጠይቃለች፤ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ሕጉ ይኼ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው ጊዜው አልፎ ከሆነ ወደቡ ላይ ሊመልሷቸው ይችላሉ። ዛሬውኑ ከመሳቢያው አውጥተሽ የመጨረሻውን ቀን እዪው። ማሳደሱ ጊዜ ይወስዳል። የግሪን ካርዱንም ቀን አብረሽ ተመልከቺ።

የቀረው ዘመዳችሁ ነው። ይሄኛው ከሆቴሉ ሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሰውየው እውነቱን ነው። በእኛ ባህል ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር ያስቀይማል። ግን የዚያን ሌሊት ነገር አስቢው። ማታ 8፡30 ትደርሳላችሁ። ሻንጣ እስኪወጣ፣ እሱ መጥቶ እስኪወስዳችሁ 10 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ራት ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ የስንት ዓመት ወሬ ይወራል። እናትሽ ፎቅ ካለው ቤት ደረጃ ይወጣሉ። ልጆቹ መሬት ላይ ይነጠፍላቸዋል። ጠዋት ደግሞ «ቡና ሳትጠጡ?» ይባላል። መርከብ ባይኖር ደስ የሚል ሌሊት ነው። መርከብ ካለ ግን እሱም ተጨንቆ፣ እናንተም ሰዓት እያያችሁ ነው የምትለያዩት።

ባለቤትሽ ራሱ ይደውልለት። መልእክት አይላክበት፣ አንቺም አትደውዪ። እንዲህ ይበለው፦ «ቅዳሜ ብንመጣ ጾም ነው፣ ድካም ነው፣ ሳንጨዋወት እንተኛለን። ስንመለስ ግን ያንተ ነን።» መርከባችሁ የሚመለሰው እሑድ ኦገስት 23 ጠዋት ነው። ፍልሰታ የሚፈታው በዋዜማው፣ ኦገስት 22 ነው። ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ማታ የሚነሳ በረራ ያዙ። ሙሉ ቀን አላችሁ። ሲያትል ወደብ ላይ ፖርት ቫሌት የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ በዚያው ቀን የሚበር ሰው ሻንጣውን ከመርከቡ ላይ በቀጥታ ወደ አውሮፕላኑ ይልኩለታል። አየር መንገዳችሁና የምትበሩበት ሰዓት የሚካተቱ መሆናቸውን መርከቡ ላይ ጠይቂ። ከሆነ ባዶ እጃችሁን ሬንተን ትገባላችሁ። ሰዓቱን ለዘመዳችሁ ከአሁኑ ንገሩት፤ ዶሮውን ቅዳሜ ማታ ይጀምረዋል።